ስበላ ፊቱን ያዞረብኝ ሰው

ክንፈን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ጠላሁት። ምክንያትም ነበረኝ። ወደቡ አጠገብ ካለችው ምግብ ቤት ተቀምጬ የተጠበሰ ዓሣ እየበላሁ ሳለ መጥቶ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ አንድ ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ። ግድግዳው ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ቀለሙን ጨው የላጠው ተራ የአሰብ ግድግዳ ነው።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ንቀት ውጬ የምነሣ ሴት አይደለሁም።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አበላሌ ያስቀይማል?» አልኩት።

«ኧረ በፍጹም፣ ወይዘሪት!» አለ ሳይዞር። «እርስዎ ይብሉ። ሲጨርሱ እዞራለሁ።»

«ግድግዳው ከእኔ ይሻላል ማለት ነዋ!»

ትከሻው በሳቅ ሲነቃነቅ አየሁት። ግን አልዞረም። ዓሣዬን እስከ አጥንቱ ለቅሜ ሳህኑ እስኪነሣ ድረስ ያን ጀርባ ሳየው ቆየሁ። ከዚያ ዞረ። ዓይኖቹ ትልልቅና ይቅርታ የሚጠይቁ ነበሩ፤ ለመጥላት የሚያስቸግሩ ዓይኖች። እኔም ተቸገርኩ።

በማግስቱ ሥራ ቦታዬ ላይ አገኘሁት። ዘመኑ በ፲፱፻፷ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከአሰብ ተነሥቶ በባሕሩ ሥር እስከ ጊናብ ደሴት የሚደርስ የኤሌክትሪክ መስመር ሊዘረጋ ነበርና እኔ ሐረገወይን ጉግሳ በዚያ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የደሴቱ ሰዎች ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በረዶ ቤት ስለሌላቸው ያጠመዱት ዓሣ ግማሹ ፀሐይ ላይ ይበላሽባቸዋል። መሐንዲሶቹ መጀመሪያ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ኋላ ሳምቡክ የሚባሉት የሸራ ጀልባዎች መልሕቅ የሚጥሉበት ቦታ ሆኖ ስለተገኘ መስመሩን አጣመው እንደገና አሰመሩት። እኔም የተየብኩትን ሁሉ እንደገና ተየብኩ።

የክንፈ ሥራ ኬብል መቀጠል ነው። ያን ጊዜ ኬብሉ ውስጡ መዳብ፣ በመዳቡ ላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ የእርሳስ ልባስ፣ ከላይ ደግሞ የብረት ሽቦ ነበረው። ሁለት ጫፍ ሲገናኝ ሁሉም ተገልጦ፣ መዳቡ ተጋጥሞ፣ ወረቀቱ በእጅ ተጠቅልሎ፣ በመጨረሻ የቀለጠ እርሳስ ይለበጥበታል። ወረቀቱ ላይ አንድ የላብ ጠብታ ካረፈች ግን ኬብሉ ለጊዜው ይሠራል፤ አንድ ቀን ይፈነዳል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እጁ የማያልበው ሰው ነው። ድንጋዩ ሳይቀር በሚያልበው አሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ክንፈን ከምጽዋ ያስመጡት ለዚህ ነው።

አንድ ቀን አለቃዬ የሰጠኝን ትእዛዝ ለማድረስ እነክንፈ ወደሚለማመዱበት ድንኳን ሄድኩ። የሠራተኞቹ አለቃ የሆነው ጣሊያናዊ ካቦ የክንፈን መዳፍ ገልብጦ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ሲኞሪና፣ ውጪ!» ብሎ ጮኸ በሰባራ አማርኛው። «አንቺ መጣ፣ የዚህ ሰው እጅ ውሃ ሆነ!»

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ክንፈ እጁን ሱሪው ኪስ ውስጥ ደበቀ። እኔ እየተናደድኩ የሄድኩ መስዬ ወጣሁ፤ ነገር ግን እስከ ቢሮ ድረስ ፈገግታዬን መመለስ አቅቶኝ ነበር። ለአንዲት ሴት ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ከየት ይመጣል?

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በባሕሩ ዳር አብረን እንሄድ ጀመር። «እርስዎ» መባባሉ ቀረ። ኦቾሎኒ ወይ ቴምር ይገዛልኛል፤ እኔ ስበላ እሱ ባሕሩን ያያል። ዓይን አፋር ነው ብዬ ተውኩት። ዓይን አፋርነቱንም ወደድኩለት።

ሽማግሌ ልላክ አለኝ። እሺ አልኩ።

አሰብ የሁሉም አገር ሰው የሞላበት፣ የማንም ዘመድ የሌለበት ከተማ ነበር። ሚስት የፈለገ ወጣት ሽማግሌዎቹን እንደ ጃንጥላ ከሰው ይዋሳል። ክንፈም ተዋሰ። አንዱ የደብሩ ቄስ፣ ሁለተኛው አባተ የሚባል አስተማሪ፣ ሦስተኛው በአሰብና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የሚነዳው ጋሽ ይመር ነበሩ። ጋሽ ይመር ደግ ሰው ነው። ወሬ ሲጀምር ግን ፍሬን የለውም።

አባቴ አቶ ጉግሳ የጉምሩክ ሠራተኛ ነው። ከደብረ ታቦር ተዛውሮ ከመጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም ደብረ ታቦር ከእሱ አልወጣችም። እኔና እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን እንሰማለን። አባቴ ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ የጠየቀው ደመወዙን አልነበረም።

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነው? ዘሩስ ከየት ነው?»

ቄሱ አያውቁም። መምህር አባተ አያውቅም። ዝምታው ሲረዝም ጋሽ ይመር መታገሥ አልቻለም።

«የአምባሰል ባላባት ዘር ነው እንጂ!» አለ። «አያቱን ያላወቀ ሰው አምባሰልን አየሁ አይበል!»

«እንዲህ ነው?» አለ አባቴ፤ ድምፁ ሲለሰልስ ሰማሁት። «እንግዲያው አጥንቱ ጥሩ ነው። የባሕሩን ሥራ ይጨርስና ቀኑን እንቆርጣለን።»

እናቴ ወይዘሮ እቴናት ክንዴን ጨመቀችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግስቱ ቴምሬን እየበላሁ ወደ ባሕሩ ዳር በረርኩ። ክንፈ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«የባላባት ልጅ ሆነህ እስካሁን ሳትነግረኝ!» አልኩት እየሳቅሁ።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

የሆነውን ነገርኩት። እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠኝም። ከዚያ አሸዋውን በጣቱ እየጫረ፣ «ሐረግ፣ አያቴ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበር» አለ። «አባቴም እንዲሁ። ጠይብ ነን።»

ጠይብ። ልጅ ሳለሁ ገበያ ውስጥ ቀጥቃጭ ካየች እናቴ አፌን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። «እንዳይበላሽ» ትለኝ ነበር፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላላ! ተምራለች የተባለች ታይፒስት ነኝ፤ አላምንበትም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። ያን ቀን ግን ግማሹን የገመጥኩትን ቴምር እጄ በራሱ ጊዜ ጨበጠው፤ ሸፈነው።

ክንፈ አየ። ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

ያን ጊዜ ምግብ ቤቱ ውስጥ ፊቱን ለግድግዳው የሰጠበት ምክንያት ገባኝ።

«ያስተማረችኝ እናቴ ናት» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «‹ሰው ሲበላ ፊትህን አዙር። ኋላ ሆዱን የቆረጠው ቢኖር አንተን አይጠሩህም› ትለኝ ነበር። አሁን ባልፈልግም አንገቴ በራሱ ይዞራል።»

ጭብጤን ፈትቼ ቴምሩን አፌ ውስጥ ከተትኩት። «እየኝ! እየበላሁ ነው፤ ዙርና እየኝ!»

«አልችልም፣ ሐረግ። ብትታመሚስ? እኔው ራሴ ‹ከእኔ ይሆን እንዴ?› ማለቴ አይቀርም።»

እጁን ያዝኩት። ላብ በላብ ነበር።

«ስማኝ» አልኩት። «የዋሸው ጋሽ ይመር ነው፤ አንተ አልዋሸህም። ዝም በል። አንድ ጊዜ ከተጋባን ምን ያመጣሉ?»

እጁን ቀስ ብሎ ከእጄ አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገው።

መርከቡ በሳምንቱ መጣ። ከደሴቱ ተነሥቶ ኬብሉን እየለቀቀ ባሕረ ሰላጤውን አቋረጠ። ጫፉ በባዶ በርሜሎች ተንሳፍፎ ወደ ዳር ሲቀርብ የወደቡ ሠራተኞች «ሆ!» እያሉ ጎትተው አሸዋው ላይ አወጡት። እዚያ ድንኳን ተተከለ፤ የባሕሩ ኬብልና የየብሱ ኬብል የሚገናኙት በዚያ ነው። እሑድ እንግዶች መጥተው መብራቱን ይመርቃሉ ተብሏል። ካቦው እኔን ከድንኳኑ በራፍ ወዲያ አላስጠጋ ስላለ ውሃ ይዤ ውጭ ቆምኩ።

ክንፈ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ዋለ። የመጨረሻውን ወረቀት ጠቀለለና እርሳሱን ከማልበሱ በፊት ከወረቀቱ ጥቂት ቀዶ በፈላ ሰም ውስጥ ጣለ። ፈተናው ይኸው ነው። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ዝም ይላል፤ እርጥበት ካለው ይንጫጫል።

ሁሉም ጆሮውን አቀና። ሰሙ ዝም አለ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ጭ... ጭ... አለ።

«ትንሽ ነው» አለ ካቦው፤ የሚለምን ይመስል ነበር። እንግዶቹ፣ መርከቡ፣ አለቆቹ፣ ሁሉም ትከሻው ላይ ነበሩ።

«ትንሽም ብትሆን ውሃ ናት» አለ ክንፈ። መጋዙን አንሥቶ የዋለበትን ሥራ ቆረጠው።

ካቦው በአገሩ ቋንቋ ሰማይና ምድሩን ረገመ። ሲጨርስ አዲስ የወረቀት ጥቅል አምጥቶ በእጁ ሰጠው። ክንፈ ቀና ብሎ በድንኳኑ በራፍ አየኝ። ይህ ሰው በጋሽ ይመር ውሸት ላይ ቤት እንደማይሠራ በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። ኮራሁበት። ደግሞም ምነው ትንሽ ቀላል ሰው በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

ኬብሉ በማግስቱ ተቀጠለ፤ ሰሙም ዝም አለ። ምረቃው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ክንፈ እጁ እርሳስ እርሳስ እየሸተተ በቀጥታ ወደ ቤታችን መጣ። ምሳ ላይ ነበርን። እናቴ ጉርሻዋን ይዛ «ና ግባ፣ የኔ ልጅ» ስትል እሱ ፊቱን ወደ በሩ አዞረና ቆመ።

የእናቴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ሰው ሲበላ እንዲህ መዞርን ማን አስተማረህ?» አለችው በቀስታ።

«እናቴ ናት፣ እማማ።»

«እናትህ የማን ልጅ ናት?»

ሳህኑና መሶቡ እስኪነሣ ጠበቀ። ከዚያ ዞሮ ሁሉንም ተናገረ፤ አያቱን፣ ማረሻውን፣ ጋሽ ይመር የሰጠውን የውሸት ባላባት። እናቴ ባዶውን መሶብ እንኳ ዓይኑ እንዳያርፍበት ክዳኑን ደፋችበት። የአባቴ ጩኸት እንደዚያ መሶብ አላመመኝም።

«ውጣ!» አለ አባቴ። «አንቺም ከእሱ ጋር ስትታዪ ብሰማ ልጄ አይደለሽም!»

ማታውን ጋሽ ይመር ድንጋይ ተሸክሞ ለይቅርታ ደጃችን ቆመ። አባቴ በሩን አልከፈተለትም። ክንፈ ጥፋት የለበትም እያለ ለተዘጋው በር ሲናገር ሰማሁት።

ከዚያ እናቴ ታመመች።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያዛት። ሐኪሙ ወባ ነው ብሎ ክኒን ሰጣት። ክኒኑን ትውጣለች፤ እህል ግን አልቀምስም አለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነበች ከራስጌዋ አልነሣም ብላ፣ «ወባ አይደለም፤ ዓይን ነው። በልቷታል! ተጠርቶ መጥቶ ይትፋባት፤ የበላው ካልተፋ አይለቅም» ትላለች። ሰፈሩም እሷ ያለችውን ይላል። እናቴ ከወባው ይልቅ በፍርሃቱ እየቀለጠች ሄደች። በመጨረሻ አባቴ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ «ሂጂና ጥሪው» አለኝ።

ዕለቱ ኤሌክትሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ደሴቱ የሚላክበት ነበር። ክንፈ ኬብሉን ከቀጠለበት ቦታ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቤት ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። የተላክሁበትን ነገርኩት፤ ወዲያውም ክንዱን ያዝኩት።

«አትሂድ። ተፍተህባት እናቴ ብትድን፣ ቡዳነትህን በገዛ ምራቅህ አረጋገጥክ ማለት ነው፤ እኛንም ልጆቻችንንም አይለቀንም። ሳትተፋ እሷ ብትሞት ደግሞ ገደላት ይሉሃል።»

«እናቴ እንዲህ ተጠርታ ተፍታ ታውቃለች» አለ። «ቤት ተመልሳ አፏን ታጥባ ታጥባ አትጠግብም ነበር። ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ውሃውን የምቀዳላት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

«እናትሽ ናቸዋ፣ ሐረግ። የሚያድናቸው ከመሰላቸው እተፋለሁ።»

ካቦው ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ። «ሂድ። ኬብሉ አንተን አይቶ አይሠራም» አለው።

ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ የእናቴ ክፍል አምፖል በርቷል። ደጃፉ በጎረቤት ተሞልቷል። ክንፈ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ በመካከላቸው አለፈ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። አባቴ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ትፋባት» አለው።

ክንፈ ከአልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። አንድ ጊዜ ሞከረ፤ ምራቅ እንኳ አጣ። እኔ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ።

«ቆይ» አለች እናቴ።

ዓይኗን ገልጣ ነበር። «ያን ቀን ምሳ ስበላ ፊትህን አዙረህ ነበር፤ አይደለም?»

«አዎ፣ እማማ።»

«መሶቡ እስኪነሣ ድረስ?»

«እስኪነሣ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ አላየኸኝም?»

«አላየሁዎትም።»

እናቴ አንገቷን ወደ ወይዘሮ ዘነበች አዞረች። «ታዲያ ባላየኝ ዓይን ነው የተበላሁት?»

ወይዘሮ ዘነበች ነጠላዋን ሰበሰበች።

«እቴናት፣ ትኩሳቱ ነው የሚያናግርሽ» አለ አባቴ።

«ሰሞኑን ያናገረኝስ ትኩሳቱ ነው። አሁን ግን እኔ ነኝ» አለች። «ሐረግ፣ ሾርባ አምጪልኝ።»

አመጣሁ። ደግፌ አስቀመጥኳት። ክንፈ ማንኪያውን ሲያይ አንገቱ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ዙር» አለችው።

«እማማ፣ ይቅርብኝ...»

«እናትህ በሕይወት አለች?»

«የለችም።»

«እንግዲያው እሷ ያዘዘችህን እኔ ሻርኩልህ። ዙርና እየኝ።»

ዞረ። ያን ያህል ጊዜ ሳውቀው ሰው ሲበላ ሲያይ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። መዳፎቹ ጭኑ ላይ ሆነው ላባቸው ሲያብረቀርቅ ይታየኛል። እናቴ ማንኪያውን ወደ አፏ አቀረበች።

ድንገት አምፖሉ ደከመ። ክፍሉ ጨለምለም አለ። ወይዘሮ ዘነበች «በስመ አብ!» ብላ ጮኸች፤ ደጃፍ ያሉት ተተራመሱ። ከዚያ መብራቱ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

«ደሴቱ ነው» አለ ክንፈ፤ ዓይኑን ከእናቴ አልነቀለም። «ኃይሉ ደረሰላቸው።»

አባቴ በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አየ። ዘወትር ጨለማ ብቻ በነበረበት ቦታ፣ ከውሃው ማዶ፣ ጥቂት መብራቶች ተደርድረው ነበር።

እናቴ ዋጠች። ሁላችንም ፊቷን እያየን ጠበቅን። እሷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኖረች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ጓዳ ገብቶ የማያውቀው አባቴ ከበሩ ተነሥቶ በክንፈ አጠገብ አለፈ፤ ሲያልፍም እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ጨው የት እንደሚቀመጥ ስለማያውቅ ጓዳ ውስጥ ጣሳውን ሁሉ እየከፈተ ሲያንኳኳ ሰማነው።